ዓረብ አገር ለሚሄዱ እናቶች፦ የልጁ ወረቀት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከወሎ ወረዳዎች፣ ከቃሉ፣ ከወረባቦና ከሐብሩ፣ ወደ ሳዑዲ ስለሚሄዱ እናቶች ሲወራ የደላላውና የደመወዙ ነገር ይቀድማል። አያቱ ዘንድ ስለሚቀረው ልጅ ወረቀት የሚያነሳ የለም። (በኢሞ ሲደወል አያቱን «እማ»፣ እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም።)

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። ፓስፖርት ሲወጣ ዕድሜዋ የሚጨመር፣ ስሟም የሚቀየር ጥቂት አይደለችም። ፓስፖርቱ «ዘይነብ»፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት «ዘውዴ» ካለ፣ ከቆንስላ የምትልከው ውክልና በፓስፖርቱ ስም ይመጣል፤ እዚህ ግን በወረቀት የልጁ እናት ሌላ ሴት ናት። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ሁለቱ ሰነዶች አንድ ፊደል ሳይለዩ ይመሳከሩ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይደነግጋል፤ ጊዜው ያለፈበትም ሳትሄድ ይመዝገብ።

ለአያቲቱ «ጠቅላላ ውክልና» ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት እንዲህ ያለው ውክልና የአስተዳደር ሥራን (ንብረት መጠበቅን፣ ዕዳ መሰብሰብን የመሰለውን) ብቻ ይሸፍናል። ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ለቀዶ ሕክምና መፈረም፣ የልጁን ፓስፖርት ማውጣት በየስማቸው ይዘርዘሩ። ከሄዱ በኋላ የሚሰጥ ውክልና በቆንስላ ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ዋናው ወረቀት ነው የሚፈለገው፣ በስልክ የተላከ ፎቶ አያሠራም።

አሠሪዎች ፓስፖርት መቀማታቸው የታወቀ ነውና፣ ፎቶ ኮፒው አያቲቱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ከደሴ