ለደንበኞቻችን፦ የሜፕል ቧንቧዎቻችሁን አሁን አውጡ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሜፕል ዛፍ ግንድ ጣፋጭ ውሃ የሚቀዳበት የዘንድሮው ወቅት እዚህ ቬርሞንት፣ አሜሪካ አብቅቷል። ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች መውረዱን ትቷል፤ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃም ደፍረስ ብሎ ወደ ቢጫ አድልቷል። ቀና ብላችሁ ቅርንጫፎቹን እዩ፣ እምቡጦቹ አብጠዋል። እምቡጥ ካበጠ በኋላ የተቀዳ ውሃ ሲፈላ ጣዕሙ ይበላሻል። ወደ 40 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 1 ሊትር የማይበላ ሲረፕ (ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ከምታገኙ ባልዲውን ማውረድ ይሻላል።

ከባልዲው ጋር ውሃው እንዲወርድበት ግንዱ ውስጥ የሰካችሁትን ቧንቧም አውጡ። የጻፍንላችሁም ለዚህ ነው። በየዓመቱ «ቀዳዳው ተበስቷል፣ ቧንቧውም ገብቷል፤ ለከርሞ እዛው ብንተወውስ?» የሚለን ደንበኛ አይጠፋም። ነገሩ ያስኬዳል፤ ዛፉ ግን አይስማማም።

ዛፍ የተጎዳ እንጨቱን መልሶ አይጠግንም፤ አጥሮ ከጤነኛው ይለየዋል። በቀዳዳው ዙሪያ ያሉትን የውሃ መተላለፊያዎች ይደፍንና ከውጭ በኩል አዲስ እንጨትና ቅርፊት እያበቀለ አፉን ይገጥማል። ጤነኛ ዛፍ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ቧንቧው እዛው ከተቀመጠ ግን አፉ በምን ይገጠማል? ዛፉ እየወፈረ ቧንቧውን ይውጠዋል፤ ኋላ ላውጣው ስትሉ ቅርፊቱ አብሮ ይቦጨቃል። ብረት ከሆነማ አንድ ቀን ዛፉን የሚቆርጠው ሰው መጋዙ ሲሰበር ያውቀዋል።

የዘንድሮው ቀዳዳ ለከርሞም አይጠቅምም። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ግንዱ ሲሰነጠቅ ከቀዳዳው ወደ ላይና ወደ ታች በብዙ እጥፍ የሚረዝም ቡናማ መስመር ታያላችሁ። ያ እንጨት ውሃ አይሰጥም። ስለዚህ ለከርሞ ስትበሱ ከአሮጌው ቀዳዳ ወደ ጎን ራቅ በሉ፤ ልክ ከላዩ ወይም ከታቹም አትብሱ። ከድሪሉ የሚወጣውን ሰጋቱራ ተመልከቱ፤ ነጣ ያለ ከሆነ ቀጥሉ፣ ቡናማ ከሆነ ቦታ ቀይሩ።

አወጣጡ ቀላል ነው። እንጨቱ በረዶ የያዘበት ጠዋት ላይ አትነካኩት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞቅ ሲል ቧንቧውን በፒንሳ ወይም በመዶሻ ጀርባ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ወደ ጎን አታጣሙት፣ ቅርፊቱ ይነሳል።

ከዚያ ቀዳዳውን ተዉት! ሰም፣ ሙጫ፣ ቀለም፣ የእንጨት ውታፍ ምንም አያስፈልገውም። መድፈን እርጥበቱን ከማፈን ያለፈ ጥቅም የለውም። ጥቂት ቀን ቢያንጠባጥብም አትደንግጡ።

ቧንቧዎቹን በሙቅ ውሃ እጠቡና በደንብ አድርቁ። እኛ ቤት ሁሉም ነገር በበረኪና ካልታጠበ የጸዳ እንደማይመስለን እናውቃለን፤ እዚህ ላይ ግን ይቅር። በረኪና ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ሽኮኮዎች ደግሞ ጨው ፍለጋ ፕላስቲኩን ያኝኩታል። የስቴንለስ ብረት ቧንቧ ከሆነ አፍልታችሁ አስቀምጡት፣ ዓመታት ያገለግላችኋል። ፕላስቲኩን ግን በየዓመቱ ብትቀይሩ እንመክራለን። ሻጮቹ እኛው ስለሆንን ፈገግ ትሉ ይሆናል። ሆኖም አሮጌ ፕላስቲክ ውስጥ የሚቀሩት ባክቴሪያና እርሾ አዲሱን ቀዳዳ ቶሎ ያዘጉታል፤ በዚህም ውሃው ይቀንሳል።

አልወጣ ያለ ቧንቧ ካለ በጉልበት አትታገሉ። ማውጫ መሣሪያው ሱቃችን አለ፣ ያለ ክፍያ እናውሳችኋለን። ስትመልሱ እንደወሰዳችሁት ጠርጋችሁ መልሱልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች