ስለ አዲስ ፋይሎች ፈቃድ

ክቡር አዘጋጅ፦

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ በጋራ የሚሠሩ ሰዎች የባልደረባቸው ፋይል አልስተካከል ባለ ቁጥር ፎልደሩን በሙሉ ወደ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ ወደሚሰጥ ቁጥር) መቀየራቸው ሊታረም ይገባል፤ እንዲህ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ በሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው የሌላውን ፋይል እስከ መሰረዝ ይደርሳልና።

የችግሩ ምንጭ ፋይሉ የተፈጠረበት ቅጽበት ነው። የፈቃዱ ሦስት አኃዞች በተራ የባለቤቱን፣ የቡድኑንና የሌሎችን ፈቃድ ያመለክታሉ፤ እያንዳንዱ አኃዝ የማንበብ (4)፣ የመጻፍ (2) እና የማስኬድ (1) ድምር ነው። ፕሮግራሞች አዲስ ፋይል ሲፈጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 666፣ ፎልደር ሲፈጥሩ ደግሞ 777 ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ዩማስክ የሚባለው ቅንብር ከተጠየቀው ላይ ከፊሉን ያነሣል። በተለመደው 022 ፋይሉ 644፣ ፎልደሩ 755 ይሆናል፤ ስለዚህ የሥራ ጓደኛ ፋይሉን ያነባል እንጂ አያርምም። ስሌቱ ተራ መቀነስ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ አይደለም። ዩማስክ 033 ቢሆን የፋይሉ ፈቃድ 633 ሳይሆን 644 ነው፤ ያልተጠየቀ ፈቃድ አይነሣምና።

ለጋራ ሥራ የሚሻለው የሠራተኞቹን ዩማስክ 002 አድርጎ ፎልደሩን 2775 ማድረግ ነው፤ ፊተኛዋ 2 አዲስ ፋይሎች የፎልደሩን ቡድን እንዲይዙ ታደርጋለች። የደመወዝ ሰነድ በሚዘጋጅበት አካውንት ግን 077 ይሁን። ቀድሞ የተፈጠሩትን ፋይሎች ይህ ለውጥ ስለማይነካቸው ለብቻ መታረም አለባቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ አዲስ አበባ