ለመንጋጋዬም ለልቤም ለደረሳችሁልኝ

ወዳጆቼ፣ ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ስንፍናዬን ይቅር በሉኝ።

ብዙዎቻችሁ "ጥርሷን አሟት" ሲባል ነው የሰማችሁት። ጥርስ አልነበረም። ጆሮ ሥር ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያና ዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው። አፌን ስከፍት ቋ ይላል። ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ድንጋይ ነው። ሕመሙ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ወደ ማጅራቴ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደራርቦ አፉ ውስጥ ያስገባል፤ የእኔ አንድ ተኩል ላይ ቆመ። መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ አፌ ነው።

አንድ ቦታ ሄጄ መንጋጋ ጥርሴን ነቀሉልኝ። ሕመሙ እዚያው ቀረ። ሌላ ቦታ ራጁን አይተው "ምንም የለብሽም" አሉኝ። ይቺ ቃል ከሕመሙ በላይ አመመችኝ።

እትዬ፣ ጎረቤቴ፣ እርስዎ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ይዘው መጡ። ሕመሙን አልነቀለውም። ግን እጅዎ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባዬ ከሞተ በኋላ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

የጥርስ ሐኪሜ ሆይ፣ እርስዎ መንጋጋዬን ዳስሰው ሲጨርሱ "እንቅልፍስ?" አሉኝ። ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ላለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ርቆኝ እንደሆነ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በሆዴ ተናድጄ ነበር። "ሐሳብሽ ነው ሊሉኝ ነው" ብዬ። አላሉኝም። ሕመሙም እውነት ነው፣ ድባቴውም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን ይቀልበዋል አሉኝ።

እንደ ፈረንጆች በ2014 የወጣው የመንጋጋ ሕመም መመርመሪያ መስፈርት ሁለት ወገን እንዳለው ያወቅኩት ከእርስዎ ነው። አንዱ መገጣጠሚያውንና ጡንቻውን ያያል። ሌላው ድባቴን፣ ጭንቀትን፣ ሌላም የሰውነት ስሞታ ካለ ይጠይቃል። እኔ ራስ ምታቴን ለአንዱ፣ የወገብ ሕመሜን ለሌላው፣ የልብ ምቴን ለሦስተኛው ሐኪም ስናገር ከርሜ ነበር። እርስዎ አንድ ላይ ደመሯቸው። ያዘነ ሰው ሳያውቀው ጥርሱን ይነክሳል፤ ጡንቻው አያርፍም። እንቅልፍ ይጠፋል። ያልተኛ ሰው ደግሞ ትንሿም ሕመም ትከብደዋለች። እኔ በዚህ ውስጥ ስንት ወር እንደዞርኩ!

የሥነ አእምሮ ሐኪሜ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ማታ ማታ የምውጣት አሚትሪፕቲሊን ለድባቴም ለሕመምም እንደምትታዘዝ፣ ለሕመም ሲሆን መጠኗ እንደሚያንስ ሳትሰለቺ አስረዳሽኝ። (ሰው ምን ይላል ብዬ የስኳር ዕቃ ውስጥ ደብቄያት ነበር። እናቴ አግኝታት "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ስትል ነው ሁሉንም የነገርኳት።) ከኪኒኗ ይልቅ ያዳነኝ በየሳምንቱ ተቀምጠሽ ማድመጥሽ ይመስለኛል። አንቺ ሁለቱም ነው ትያለሽ።

እህቴ፣ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ በሞቀ ውኃ የነከርሽው ፎጣ። መስታወቱ ላይ የለጠፍሽው "ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ላላ" የሚለው ወረቀት እስካሁን አልተነሣም። ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ ባልደረቦቼም፣ ውለታችሁ አለብኝ።

አባዬ ለቅሶ ላይ "ጠንካራ ናት፣ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው" ላላችሁኝም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እውነትም ነክሼው ነበር።

ባለፈው እሑድ ሦስተኛው ጣት ገባ። በግድ ነው፣ ግን ገባ። ቆሎ ገና ነው። ለቡና ስትጠሩኝ ዳቦ አስቀምጡልኝ።