አንበሶቹን አየኋቸው

ዋሽንግተን ዲሲ

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ከጻፍኩልህ ስድስት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ሥራው ያዘኝ፤ ኋላ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝና "ምን ብዬ ልጀምር?" እያልኩ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ትናንት ማታ ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዉድሊ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ስሄድ የታፍትን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። ከሥራ ወጥተን በሌሊት የምንሻገረው፣ ብርዱ ጆሯችንን የሚቆርጠን ድልድይ። እኔ "ድንጋይ ነው" ስልህ አንተ "አርማታ ነው" ብለህ የተከራከርከኝ ትዝ ይልሃል? ለካ ሁለታችንም ስተናል። ዳርዳሩን እንደ ጥርብ ድንጋይ አበጅተውት ነው እኔን ያሳሳተኝ። ግን አርማታም አይደለም፤ ኮንክሪት ነው እንጂ ቅስቶቹ ውስጥ ፌሮ የለም!

ከ1897 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራው። ንድፉን ያወጣው ጆርጅ ሞሪሰን ሳያልቅ በ1903 አረፈ። ሰባቱ ቅስቶች እየተጨመቁ ሸክሙን ወደ መሠረቱ ያወርዱታል፤ ኮንክሪት ደግሞ አንተ እንደምታውቀው መጨመቅን ይችላል፣ መወጠርን ነው የማይችለው። ስለዚህ ብረት አላስፈለጋቸውም። በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው ቢሰርግ እንኳ ቅስቱ ውስጥ የሚያዝገው ነገር አያገኝም። ስንቱ ከእሱ በኋላ የተሠራ ድልድይ ፌሮው ዝጎና አብጦ ኮንክሪቱን እየሰነጠቀ ሲያራግፈው አይተናል!

የድልድዩ አንበሶች ግን እንደ ቅስቶቹ አልጸኑም። እኛ ስንመጣ መደቦቹ ባዶ ነበሩ፤ አስታወስክ? ሮላንድ ሂንተን ፔሪ የሠራቸውን አራቱን አንበሶች ዝናብና ውርጭ ስለበላቸው በ1993 አንሥተዋቸው ነበር። በ2000 የተተኩት የአሮጌዎቹን ቅርጽ ይዘው በኮንክሪት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈት አድርገዋል፣ ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። የተመለሱ ሰሞን ቆመህ "የለገሀሩ ዘመዶች" ያልከውን አልረሳሁትም። ቅጂ ናቸው ብሎ የሚንቃቸው አለ፤ እኔ አልንቃቸውም። ሰባት ዓመት ባዶውን መደብ ጠብቀው ያንኑ አንበሳ መልሰዋል፤ ሌላ ነገር አላቆሙበትም። ይሄ ትልቅ አክብሮት ይመስለኛል።

አሁን መንገድ ሥራ ላይ ነህ ሲሉ ሰማሁ። አሮጌ የቅስት ድልድይ ካጋጠመህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከሥር ገብተህ ሆዱን ጭምር አንሣው። ስልክህ ያው ከሆነ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ።

ወንድምህ