ለልጄ፦ ያንን ጀልባ ነጂ ስብከት አታሸክሚው

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 9 ቀን

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱ ቀለል ብሎለት ዛሬ በእግሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደርሶ ተመልሷል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አጎትሽ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የነገረኝ ነገር ነው። የተከታታይ ድራማሽን ዘጠነኛ ክፍል ጣቢያው እንደመለሰብሽ፣ አዘጋጁም «ሃይማኖቱን አውጪልን» እንዳለሽ፣ አንቺም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥተሽ ሥራውን ለመተው እንደምታስቢ ሰማሁ። እህል በወጉ እንደማትቀምሺ ሲጨምርልኝማ ሆዴ ተላወሰ። ለአንድ ክፍል ተብሎ ምሳ አይዘለልም፤ ጨጓራሽን ታውቂዋለሽ።

የላክሽልኝን ረቂቅ ደጋግሜ አነበብሁት። ድቁናውን ትቶ የሞተር ጀልባ የሚነዳው ልጅ ምእመናንን በጣና ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ያደርሳል፤ እርሱ ግን ከጀልባው አይወርድም። ደወሉ ሲሰማ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም መልሶ አያጠልቀውም። ተሳፋሪው ተማሪ ይህን ያያል፤ አይጠይቀውም። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብሁለት፤ እርሱም እንደገና አስነበበኝ። በዘጠነኛው ክፍል ግን ያው ዝምተኛ ልጅ ብድግ ብሎ ስለ ንስሐ ሁለት ሙሉ ገጽ ይናገራል። ንግግሩ ስሕተት የለበትም፣ ቃሉም ያማረ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ አይደለም፣ የአንቺ ነው። ልጄ፣ ያንን ልጅ ስብከት አታሸክሚው።

አዘጋጁ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ጠቅሶብሻል አሉ። አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል እንጂ በድራማ ውስጥ ያለ ሰው ደወል ሲሰማ ኮፍያውን እንዳያወልቅ አይከለክልም። የሚያምን፣ ማመን ያቃተው፣ አምኖ የተወ፣ ትቶም የናፈቀ ሰው የሌለበት የጣና ዳር ታሪክ ብትጽፊ ውሸት የሚሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ደወሉን፣ ኮፍያውን፣ ከጀልባ አለመውረዱን እንዳትሰርዢ፤ በእነዚህ ላይ በትሕትና፣ ግን ሳትፈሪ ተከራከሪ። ሁለቱ ገጽ ይውጣ። በዚያስ አዘጋጁ እውነት አለው። ድራማሽን የሚያየው ሰው ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማያምንም ይኖራል። ሊሰብኩት እንደመጡ ሲያውቅ ወይ ጣቢያ ይቀይራል፣ ወይ ራሱን ነቅንቆ ይስማማል፤ በሁለቱም መንገድ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ግን አጠገቡ የተቀመጠውን «ለምን ይሆን የማይወርደው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ አንቺ የምትፈልጊው ወሬ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ ደግሞ በሌላ በኩል ተቆጥታለች። «የእግዚአብሔር ነገር ከዘፈንና ከሳሙና ማስታወቂያ መሀል ምን ይሠራል? ልብ ወለድስ ውሸት አይደለም ወይ?» ትላለች። እርስዋን ለእኔ ተዪልኝ። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በገባ ጊዜ ኃጢአቱን እንዳልዘረዘረለት፣ አንዲት በግ ብቻ የነበረችውን ድሃ ታሪክ እንደነገረው፣ «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለውም ዳዊት በባለጸጋው ላይ ተቆጥቶ በገዛ አፉ ከፈረደ በኋላ መሆኑን አስታውሼያታለሁ። ዝም ብላለች፤ ገና አልተቀበለችም።

መንገዱን አንቺ አልጀመርሽውም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዚሁ የዘጌ ልጅ ነው። ኋላ «ጦቢያ» በተባለው በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ አረማዊው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ግን ተማሪዎቼ በንጉሡ ጥምቀት ላይ አይከራከሩም ነበር፤ የሚከራከሩት የማያውቃቸው ቤተሰብ ሐዘን አንጀቱን በልቶት ለምርኮኛው ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ስለሰጠው ነጋዴ ነበር። «ምን ሊያገኝ ሰጠ?» ይላል አንዱ፤ ሙስሊሙ ስለ ሰደቃ፣ ክርስቲያኑ ስለ ምጽዋት ያነሣል፤ ደወል ተደውሎም ከክፍል አይወጡም ነበር።

ይህን ስጽፍ የአያትሽ ቤት ትዝ አለኝ። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ሬዲዮ ያለበት ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ሬዲዮው የመንግሥት ነው፤ መንግሥቱም ሃይማኖትን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ በየስብሰባው የሚያስተምርበት ጊዜ ነበር። የልብ ወለዱ ዋና ሰው በዛብህ ወላጆቹ በተሳሉት ስእለትና በሰብለ ወንጌል ፍቅር መካከል በሚጨነቅበት ማታ የቀበሌያችን ካድሬ ሳይታሰብ ገባ። አያትሽ ወንዱ ደንግጦ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ። ካድሬው ግን «ተዉት አባባ፤ ባትሪዬ አልቆብኝ ነው የመጣሁት» አለና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ትረካው ሲያበቃ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ እናት በተሳለችው ልጅ ይጠየቅበታል?» አላት።

አያትሽን ታውቂያታለሽ፤ ለሁሉም ነገር መልስ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ነበረች። ያን ማታ ግን ቶናውን ቀድታ ሰጠችውና «ያንተ እናት ምን ተስላ ነበር?» አለችው። ሲኒውን በማስቀመጫው ላይ ሲያዞረው ቆየ። በልጅነቱ ወባ ጥሎት ሳለ እናቱ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጥላ ተስላ እንደነበር፣ ሳታገባውም እንደሞተች ነገረን። አባቴ «እንግዲህማ አንተ...» ብሎ ሲጀምር እናቴ በዓይኗ ገሠጸችው። አባቴ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ሲኒውን አስቀምጦ ካድሬነቱን ለብሶ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን «በእግዚአብሔር ታምናለህ ወይ?» ተብሎ ፊት ለፊት ቢጠየቅ ሊመልስ የሚችለው የፓርቲውን ቃል ብቻ ነው። ስለ በዛብህ ግን መጠየቅ ይችላል፤ ስለ በዛብህ መጠየቅ የሚያስከስስ አልነበረም። ሌሊቱ እስኪገፋ ስለ እናቱ አወራን፤ በሌላ ማታም ከትረካው በኋላ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ጥላውን ያግባ አያግባ አላውቅም፤ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። እኔ ግን ያኔ ልጅ ሆኜ፣ ከምድጃው ጀርባ ተቀምጬ፣ አንድ ልብ ወለድ የተዘጋ ሰው እንዴት እንደሚከፍት በዓይኔ አየሁ። ስለዚህ ነው ደጋግሜ ስብከት አታሸክሚው የምልሽ። በዛብህ በዚያ ማታ ስለ ስእለት ትምህርት ቢሰጥ ኖሮ ካድሬው የሚጠይቀው አይኖረውም ነበር።

ሌላም የሚታረም አለ። በዘጠነኛው ክፍል የልጁ እናት ክብራን ላይ ከጀልባ ወርዳ ወደ ገዳሙ ትወጣለች። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ ይህን እያወቅሽ በችኰላ ጽፈሽው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲማ ጊዮርጊስን በመሳሰሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያደጉ ናቸውና የሚጽፉትን ሥርዓት ያውቁት ነበር፤ አንቺ የማታውቂውን ዜማና ሥርዓት ከመጻፍሽ በፊት መሪጌታን ጠይቂ፤ ስልካቸው አባትሽ ዘንድ አለ። ትዕይንቱን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ማዛወር ትችያለሽ፤ እዚያ ሴት ትገባለች። እኔን ብትሰሚ ግን ክብራን ላይ ተዪውና እናትና ልጅን ጀልባው ላይ አብረሽ አስቀምጫቸው። እርስዋ መውረድ ስለማይፈቀድላት፣ እርሱ ደግሞ ተፈቅዶለት ስለማይወርድ። ሌላው ሁሉ ሲወጣ ሁለቱ ይቅሩ፤ የሁለቱን ገጽ ንግግር ቦታ ይህ ይተካዋል። እናቲቱም «ለምን አትወርድም?» ብላ ትጠይቀው እንደሆነ ትጠይቀው፤ መልሱን ግን በዚያ ክፍል እንዳትሰጪ።

ሥራውን በቁጣ እንዳትለቂ። አዲስ ውል አምጥተውልሽ ከሆነም የአጎትሽ ልጅ ሳያነብልሽ አትፈርሚ፤ በተለይ ጣቢያው ጽሑፍሽን ሳያማክርሽ መለወጥ ይችል እንደሆነ የሚናገረውን ክፍል ፈልጊ። የእያንዳንዱን ክፍል ቅጂ ከነቀኑ ለራስሽ አስቀሪ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ በባዶ ሆድ ቡና እየጠጣሽ ሌሊት መጻፉን ተዪው። ሽሮና በርበሬ በቅዳሜው አውቶቡስ ልኬልሻለሁ፤ ጧት ከመነኸሪያ ተቀበዪ።

ዘጠነኛውን ክፍል እንደገና ጻፊውና ለጣቢያው ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ። አባትሽ ጀልባው ላይ ምን እንደተባባሉ ሳይሰማ አልተኛም ብሏል።

የምትናፍቅሽ እናትሽ