ገንዲ ነው ብለን ከመውጋታችን በፊት

አምና ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጎረቤታችን በሬውን እየነዳ ክሊኒካችን መጣ። በሬው ከስቷል፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ የዓይኑ ውስጥ ነጥቷል። ገንዲ፣ ማለትም ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት የደም በሽታ፣ ነው ብዬ መድኃኒቱን ወጋሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሶ አመጣው፣ ደገምኩት። ሞተ። ከፍተን ስናየው ጉበቱ በትል ተሞልቷል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ግን በምን ልለየው? ገንዲም የጉበት ትልም ከብት ያከሳሉ፣ ደም ያሳጣሉ። በዓይን ብቻ ከታየ ሁለቱም አንድ ናቸው። የኛ ወረዳ ደግሞ ሁለቱም አሉበት። ደጋው ረግረግ ላይ የጉበት ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፣ ወደ አባይ ሲወረድ የገንዲ ዝንብ አለ። በግምት መውጋት ሌላም ጣጣ አለው፦ ተውሳኩ መድኃኒቱን ይለምደዋል። በጊቤ ሸለቆ ይህ መድረሱ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል።

ስለዚህ በክሊኒኩ አንዲት ትንሽ የመማሪያ ላቦራቶሪ ልናቋቁም ነው። የሚማሩባት እኛው ሠራተኞቹና ከኮሌጅ የወጡ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ልጆቹ ትምህርቱን ያውቁታል። እጃቸው ግን አልለመደም። የደም ጠብታ ስላይድ ላይ ስስ አድርጎ መሳብ ቀላል ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ወፍረው ይበላሻሉ። በጂምሳ ለማቅለም ግማሽ ሰዓት ያህል መታገስ ያስፈልጋል። እበት ታጥቦና ዘቅጦ ሲታይ ደግሞ የጉበት ትል እንቁላል ወርቃማ ቢጫ ነው፤ የጨጓራው ትል እንቁላል ቅርፁ ያንኑ ይመስላል፣ ቀለሙ ግን ነጣ ይላል። ይህን ዓይን የሚለምደው ደጋግሞ በማየት ብቻ ነው።

ክፍሉ ተገኝቷል። ጠረጴዛውን የሰፈራችን አናጢ በነፃ ሠርቶልናል፣ እግዜር ይስጠው። የጎደለን ሦስት ማይክሮስኮፕ፣ በቀጭን ብልቃጥ የተቀዳ ደም የምታሽከረክር አንዲት ሴንትሪፊዩጅ፣ ስላይድ፣ ጂምሳና ሜታኖል ነው። ጨውና የሻይ ማጥለያ አለን። ሳቅ አይደለም፤ የሌሎቹን የሆድ ትሎች እንቁላል ለማንሳፈፍ በደንብ የከረረ የወጥ ቤት ጨው ውኃ ይበቃል። የጉበት ትል እንቁላል ግን ከባድ ስለሆነ እንዲዘቅጥ እንጠብቀዋለን።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ አንድ አደራ፦ ራሱ ቆጥሮ ውጤት የሚያወጣ ትልቅ ማሽን አትላኩልን። አንድ ደግ ሰው ልኮልን ነበር። ኬሚካሉ ሲያልቅ የሚተካ ጠፋ፣ አሁን ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ያገለገለ ቢሆንም በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ማይክሮስኮፕ ይሻለናል። መብራት እንደልብ የለማ!

ብር የምታዋጡ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። የገባውና የወጣው በየወሩ ክሊኒኩ በር ላይ ይለጠፋል። አሥር ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። ከብት ያለው ሰው ደግሞ በገበያ ቀን ከብቱን ይዞ ቢመጣና ደምና እበት ብንወስድለት፣ ለልጆቹ ትልቅ መማሪያ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራችሁ፣ የሰው ሐኪም ቤትም ቢሆን፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ ሳምንት ትሰጡናላችሁ? ማደሪያና ምሳ በኛ ነው።