በርጩማው ላይ አንቺ ተቀመጪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን ያደርጋል» ብላ ስቃብኛለች። ስልክ ላይ ግን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔም ጉዳዬን እረሳለሁ።

ሐይቁ ዳር ያሳየሽውን ፐርፎርማንስ፣ ያን ሰው ፊት በገዛ ሰውነትሽ የምትሠሪውን ጥበብ፣ አይቻለሁ። ከኋላ፣ ዋርካው ሥር ቆሜ ነበር። ውሃውን ከጣና በሳፋ ቀዳሽ። በርጩማው ባዶ ነው። ከፊቱ የእኔ ኮንጎ ጫማ። (ለካ እናትሽ ስትፈልገው የከረመችው እሱን ነው!) የወይራና የወይን ቅጠል ነክረሽ ጫማውን ታሺው ጀመርሽ። ቀዳዳው ውስጥ የተጋገረውን የዘጌ ጭቃ በጥፍርሽ ስታወጪ፣ አጠገቤ ሲስቁ የነበሩት ልጆች ዝም አሉ። ከዚያ ጫማውን ሳምሽና አንገትሽን ደፍተሽ ጠበቅሽ። ምርቃት እየጠበቅሽ እንደሆነ ገብቶኛል። የሚመርቅ የለም። ብዙ ቆየሽ።

አንዱ «በሥርዓት መቀለድ ነው» ሲል ሰማሁት። የሚቀልድ ሰው ጥፍሩን ጭቃ ውስጥ አይከትም።

ያቺ የምትወጃት የፐርፎርማንስ አርቲስት፣ ማሪና አብራሞቪች ትዝ አለችኝ። በፈረንጆች 1997 ቬኒስ ላይ፣ የከብት አጥንት ክምር ላይ ተቀምጣ ደሙን ስትፈገፍግ የዋለችው። አያቷ ኦርቶዶክስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፤ እናቷ ግን ልጇ እንዳትሞላቀቅ ብላ ስማት አታውቅም አልሽኝ። ይህን ስትነግሪኝ ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። ልብ ያላልኩ እንዳይመስልሽ።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። እኛ አገር እግር ማጠብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቤት ነው። ማታ አባት ደክሞት ሲገባ ልጅ ውሃ ያሞቃል፣ ያጥባል፣ እግር ስሞ ይመረቃል። እኔም የአባቴን እግር አጥቤ ነው ያደግሁት። «እደግ፣ ተመንደግ» ይለኝ ነበር። ሌላ የፍቅር ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጎድሎኝ ነበር ወይ? ማን ጠይቆኝ!

ሌላው የጸሎተ ሐሙስ ነው። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ጌታ ራሱ ነው። ዛሬም ጊዮርጊስ ብትሄጂ ዝቅ የሚለው ካህኑ ነው፤ ምእመኑ እግሩን ዘርግቶ ይታጠባል። ወይራውና ወይኑ የዚህኛው ናቸው።

አንቺ ቅጠሉን ከቤተ ክርስቲያን ወሰድሽ፣ መጎንበሱን ከቤት። ሥራሽ ያማረው እዚያ ላይ ነው። ያልተስማማሁሽም እዚያው ላይ። የተራብሽው የወላጅ ፍቅር ከሆነ፣ ልጅቷ ለምን ትጎነብሳለች? በሐሙሱ ሥርዓት በርጩማው ያንቺ ነው።

ለፋሲካ ስትመጪ ሐሙስ እዚህ እንድትውዪ። ጉልባኑን እናትሽ ትቀቅላለች፣ ሳፋውን እኔ እይዛለሁ። ሰው ፊት ግን አልችልም። ጓሯችን ይበቃናል፤ ቪዲዮ ቀራጭ ምናምን እንዳታስከትዪ። ደግሞ እምቢ እንዳትዪኝ። ጴጥሮስም እምቢ ብሎ ነበር፣ አልሆነለትም።

አባትሽ
ከባሕር ዳር